200 ዶላርና አንድ ሙስሐፍ



እንዲህ ያለ ልጅ በየሰፈራችን አለ። ከመድረሳ ሲመለስ የሰማውን ቂሷ ዝም ብሎ አይደግመውም። ታናናሾቹን ግራና ቀኝ አሰልፎ ባሕር ያደርጋቸዋል፤ እሱ ፊርዐውን ሆኖ በመጥረጊያ ፈረስ መሃላቸው ሲገባ ይከደኑበታል። የእናቱን ስልክ ካገኘ ድመቷን ይቀርጻል፣ ዝናቡን ይቀርጻል። አያቱ ቡና ሲያፈሉ «እማማ፣ ጀበናውን እንደገና ያንሱት፣ እንፋሎቱ አልታየም» ይላቸዋል። ማታ ቤተሰቡ ሲተኛ እሱ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የቀረጸውን እየቆራረጠ ይቀጥላል።

ለዚህ ልጅ የምንሰጠው መልስ ሁለት ብቻ ነው። አንዱ «ተው፣ ሐራም ነው» የሚል ነው። ሌላው «ይሄ ደግሞ ሥራ ይሆናል? ትምህርትህን ተማርና ዶክተር ሁን» የሚል ነው። ሁለቱም መልሶች የሚሰጡት ልጁን ሁለት ደቂቃ ሳያዳምጡ ነው። ሁለቱም የሚሰጡት በፍቅር ስም ነው። በኔ እምነት ግን ሁለቱም የስንፍና መልሶች ናቸው፤ ዋጋቸውንም የሚከፍለው ልጁ ብቻ ሳይሆን ሁላችንም ነን።

ይህን የምጽፈው ለእናንተ ለወጣቶቹ ነው። ምክንያቱም ልጁ መጀመሪያ የሚመጣው አባቱ ጋር አይደለም። ስልክ ያለው ታላቅ ወንድሙ ጋር፣ ኤዲቲንግ የምታውቀው እህቱ ጋር፣ ከጁሙዓ በኋላ መስጂድ በር ላይ የሚያገኘው የሰፈር ወጣት ጋር ነው የሚመጣው። ነገ ደግሞ፣ አላህ ካለ፣ ወላጆቹ እናንተው ናችሁ።

▪ የሐለቡ አባት

ሙስጠፋ አል-ዐቃድ እ.ኤ.አ. በ1930 ሶርያ ውስጥ በሐለብ ከተማ ተወለደ። አባቱ የጉምሩክ ሠራተኛ ነበር። ልጁ ግን አሜሪካ ሄጄ ፊልም ተምሬ ዳይሬክተር እሆናለሁ አለ። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ከተማ፣ የአንድ ጉምሩክ ሠራተኛ ልጅ እንዲህ ሲል ጎረቤት ምን እንደሚል ገምቱት። ዛሬ እኛ ደሴ ወይም ጅማ ላይ የምንለውን ነው የሚለው።

አባትየው ልጁን ሲሸኘው ሁለት ነገር እንደሰጠው ዐቃድ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። 200 ዶላርና አንድ ሙስሐፍ።

እስቲ ይህን ስጦታ አስተውሉት። 200 ዶላሩ «አምኜሃለሁ፣ ሂድ» የሚል ቃል ነው። ለትምህርት አይበቃም፤ ግን አባት ከኪሱ አውጥቶ የሰጠው ገንዘብ ስለሆነ ልጁ ተደብቆ እንደወጣ ሌባ አይሄድም። ሙስሐፉ ደግሞ «ማን እንደሆንክ አትርሳ» የሚል ቃል ነው። አባትየው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ሊሰጥ ይችል ነበር። ገንዘቡን ብቻ ቢሰጠው መንገድ እንጂ አቅጣጫ አይኖረውም ነበር። ሙስሐፉን ብቻ ሰጥቶ በሩን ቢዘጋበት ደግሞ ልጁ ሙስሐፉን ባየ ቁጥር የሚያስታውሰው የተዘጋውን በር ይሆን ነበር።

እኛ ብዙውን ጊዜ የምናደርገው ይህን ሁለተኛውን ነው። ልጁ የወደደውን ነገር በዲን ስም እንዘጋበትና፣ ዲኑን የሚወደውን ነገር የሚነጥቅ አድርጎ እንዲያየው እናደርገዋለን። ከዚያ በ18 ዓመቱ ከመስጂድ ሲርቅ «ምን ነካው?» እንላለን።

ያ የሐለብ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1976 ብዙዎቻችን የምናውቀውን «ዘ ሜሴጅ» የተባለውን ፊልም አወጣ። ሁለት ጊዜ ነው የሠራው፤ አንዱን በእንግሊዝኛ፣ ሌላውን በዐረብኛ፣ በተለያዩ ተዋናዮች። ሞሮኮ ውስጥ ቀረጻው ተጀምሮ በውጭ ጫና ሲቋረጥበት ወደ ሊቢያ ሄዶ ጨረሰው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በፊልሙ ውስጥ አይታዩም፣ ድምፃቸውም አይሰማም። የሚያናግሯቸው ሰዎች ወደ ካሜራው እያዩ ይናገራሉ እንጂ በእሳቸው ቦታ የቆመ ተዋናይ የለም። አራቱ ኸሊፋዎችም በተዋናይ አልታዩም። ይህ ገደብ ሥራውን አላሰናከለውም፤ ይልቁንም ሌላ ዳይሬክተር ያላሰበውን ዘዴ እንዲፈልግ አስገደደው። «ዲን ካለ ጥበብ አይኖርም» ለሚሉ ሰዎች ይህ በቂ መልስ ነው።

ይህን ስል ያንን ፊልም እንዳለ ተቀበሉት ማለቴ አይደለም። ሌሎች ሰሐቦችን በተዋናይ ማሳየቱን ብዙ ዑለማዎች ተቃውመዋል፤ ተቃውሟቸውም ክብደት አለው። ያንን ለዑለማዎች እንተወው። እኔ እያወራሁ ያለሁት ስለ አባትየው ነው።

▪ በፊልሙ ውስጥ ያለነው እኛ

በዚያ ፊልም ውስጥ አንድ ትዕይንት አለ። ከመካ የተሰደዱት ሰሐቦች ሐበሻ ንጉሥ ፊት ቆመዋል። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ይናገራል፤ ስለ መርየም ከቁርኣን ይቀራል፤ ንጉሡ ልቡ ይነካል። ስንቶቻችን ነን ያንን ትዕይንት ስናይ ደረታችን የሞላው? ያ ቤተ መንግሥት የኛ ነው። ያ ንጉሥ የኛ ሰው ነው። ያ ፍትሕ በዚህ ምድር የተፈጸመ ነው።

ታዲያ ታሪኩን ማን ነገረው? የሐለብ ልጅ። የት ተቀረጸ? ሰሜን አፍሪካ። በእንግሊዝኛው ቅጂ ነጃሺን ሆኖ የተወነው ማን ነው? ቤርሙዳ የተወለደው ኤርል ካሜሮን። አላህ ለደከሙበት ሁሉ ይመንዳቸው፤ እኔ ቅሬታዬ እነሱ ላይ አይደለም። ቅሬታዬ እኛ ላይ ነው። ያ ፊልም ከወጣ 50 ዓመት ገደማ ሆነው። ዛሬም የነጃሺን ታሪክ ለልጆቻችን ማሳየት ስንፈልግ የምንከፍተው ያንኑ ትዕይንት ነው።

የዐቃድ ሌላው ሥራ ይበልጥ ያንገበግበኛል። እ.ኤ.አ. በ1981 «የበረሃው አንበሳ» በሚል ርዕስ የሊቢያውን ዑመር አል-ሙኽታርን ታሪክ ለዓለም አሳየ። ዑመር አል-ሙኽታር የቁርኣን መምህር ነበር፤ ጣሊያንን ለ20 ዓመት ያህል ተዋግቶ በ1931 በሕዝቡ ፊት ተሰቀለ። ጣሊያን ያንን ፊልም ለረጅም ዓመታት በሲኒማ ቤቶቿ እንዳይታይ ከልክላለች። አንድ ፊልም መንግሥትን ያህል ነገር ሊያስፈራ ይችላል።

በፊልሙ ውስጥ ዑመርን የሚያድነው ጄኔራል ግራዚያኒ ነው። ይህን ስም እናውቀዋለን። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደም የታጠበችው በእሱ ዘመን ነው። የስድስት ኪሎው ሐውልት የቆመው በዚያ ቀን ለተጨፈጨፉት ነው። አንድ ጨካኝ በሁለት አገር ደም አፍስሷል። የሊቢያው ታሪክ በየአህጉሩ ታይቷል። የኛውን እንደዚያ በዓለም ዙሪያ በየቤቱ የሚገባ አድርጎ የሚነግር ልጅ ገና እየጠበቅን ነው። ያ ልጅ ዛሬ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ቪዲዮ እየቆራረጠ ሊሆን ይችላል። እኛም ስልኩን ልንነጥቀው እየሄድን ሊሆን ይችላል።

▪ ኡሙ ሰለማ ባትነግረን ኖሮ

«ተረት ምን ያደርጋል?» ለሚሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። የሐበሻውን ሂጅራ ዝርዝር ከየት አወቅነው?

በሲራ ኪታቦች ውስጥ ያለው ሰፊው ዘገባ የመጣው ከኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ነው። በቦታው ነበረች፤ አይታለች፤ አስታውሳለች፤ ነግራለች። አነጋገሯንም ተመልከቱት። ቁረይሾች ሁለት መልእክተኞች ላኩ ብላ አታልፍም፤ ስጦታው ቆዳ እንደነበር፣ ከንጉሡ በፊት ለባለሟሎቹ ለእያንዳንዳቸው እንደታደለ ትነግረናለች። ንጉሡ አለቀሰ ብላ አታበቃም፤ ጺሙ በእንባ እስኪርስ፣ በዙሪያው የነበሩት ጳጳሳት የዘረጉት መጽሐፍ እስኪርስ እንዳለቀሱ ትነግረናለች። በኋላም በነጃሺ ላይ ሌላ ሰው ተነስቶ ጦርነት ሲሆን፣ ስደተኞቹ በጭንቀት «ማን ሄዶ ወሬ ያመጣልናል?» ይላሉ። ከሁሉም በዕድሜ ትንሹ ዙበይር ኢብኑል ዐዋም «እኔ» ይላል። የውኃ አቁማዳ ይነፉለትና ደረቱ ሥር አድርጎ ዐባይን በዋና ይሻገራል። ጦርነቱን አይቶ፣ ልብሱን እያውለበለበ ድሉን ሊያበስር ይመለሳል።

ሱብሓነላህ! ይህ ፊልም አይደለም? ወንዙ አለ፣ አቁማዳው አለ፣ ከማዶ የሚጠብቁት ሰዎች ጭንቀት አለ። ከ1400 ዓመት በኋላ ሳነበው ልቤ ይመታል። ኡሙ ሰለማ «ተሰደድን፣ ንጉሡ ተቀበለን፣ ተመለስን» ብላ ብታልፈው ኖሮ እኛ ዛሬ የምንኮራበት ነገር ሦስት መስመር ብቻ ይሆን ነበር። የተራኪ ሥራ ይህ ነው። አቁማዳውን የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል።

አላህስ (ሱብሓነሁ ወተዓላ) እንዴት ነው ያስተማረን? ከቁርኣን ምዕራፎች አንዱ ስሙ ራሱ «አል-ቀሰስ» ነው፤ ታሪኩ ማለት ነው። ሱረቱ ዩሱፍን አላህ ራሱ ያማረ ታሪክ ብሎ አስተዋውቆታል። ልጃችሁ ድርሰት የሚወድ ከሆነ ያንን ሱራ አብራችሁት ቅሩና ቀሚሷን እንዲከተል ንገሩት። መጀመሪያ ወንድሞቹ የሐሰት ደም ቀብተው ለአባታቸው ያመጡታል፤ ቀሚሱ ውሸት ይሆናል። ቀጥሎ ከኋላ ይቀደዳል፤ ቀሚሱ የንጽህናው ምስክር ይሆናል። መጨረሻ ላይ በአባቱ ፊት ላይ ሲጣል ዓይኑ ይበራል፤ ቀሚሱ መድኃኒት ይሆናል። ሱራው በሕልም ጀምሮ በሕልሙ ፍቺ ይዘጋል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ዋሻ ውስጥ ስለተዘጋባቸው ሦስት ሰዎች፣ 99 ነፍስ አጥፍቶ ተውበት ስለፈለገው ሰው ለሰሐቦቻቸው ነግረዋል። በታሪክ ያደገ ኡማ ልጆቹን «ታሪክ ማውራት ተው» ሲል መስማት ይገርማል።

▪ «ሐራም ነው» ለሚሉን

እዚህ ላይ በጥንቃቄ እንነጋገር፤ በአላህ ዲን ላይ ያለ ዕውቀት መናገር ቀላል አይደለምና።

ሥዕልንና ሐውልትን የሚመለከቱ ሐዲሶች አሉ፤ ማንም አይክዳቸውም። ካሜራ የሚይዘው ምስል ከዚያ ይቆጠራል ወይ በሚለው ላይ ግን ዑለማዎች ተለያይተዋል። የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ ጉዳዩን መርምረው፣ ፎቶ ማንሳት አላህ የፈጠረውን ጥላ መያዝ እንጂ አዲስ ነገር መቅረጽ አይደለም ብለው ፈቅደዋል። የከለከሉም ታላላቅ ዑለማዎች አሉ፤ እነሱን የሚከተል ሰው ይከበራል። ነገር ግን ፎቶውንም ቪዲዮውንም ሐራም የሚል ሰው መጀመሪያ የራሱን ስልክ ይመልከት። የሠርጉን ቪዲዮ ያስቀረጸ፣ የዒድ ፎቶ የለጠፈ፣ የሚወደውን ኡስታዝ ሙሐደራ በየቀኑ በቪዲዮ የሚያዳምጥ ሰው፣ ልጁ ካሜራ ሲያነሳ ብቻ ሐዲሱ ትዝ ሊለው አይገባም። «ቪዲዮ ሐራም ነው» የሚለውን ትምህርት ብዙዎቻችን የሰማነው በቪዲዮ ነው!

ጭንቀቱ ይዘቱ ላይ ከሆነ ደግሞ ትክክል ነው፤ እኔም እጨነቃለሁ። ዓውራ የሚገላልጥ፣ በሰው የሚያላግጥ፣ ውሸትን እውነት አስመስሎ የሚሸጥ ነገር ሞልቷል። የቀደሙት ዑለማዎችም ይህን ችግር ያውቁታል። በየገበያውና በየመስጂዱ እየተቀመጡ ሰው ለማስለቀስ ሐዲስ የሚፈጥሩ ተራኪዎች ነበሩ። ኢብኑል ጀውዚ ስለነሱ ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፏል። ኢብኑል ጀውዚ ግን ራሱ በባግዳድ ሕዝብ የሚጎርፍለት ታላቅ ወዓዚ ነበር። ከትረካ አልሸሸም፤ ውሸቱን ለይቶ አውጥቶ ትረካውን አስቀረ። የዐዋቂ መንገድ ይህ ነው። ቢላዋ ጣት ስለሚቆርጥ ከቤት አውጥቶ የሚጥል እናት የለችም፤ አያያዙን ታስተምራለች።

ሳያጣሩ መቆጣት የት እንደሚያደርስም አይተናል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1977 ዋሽንግተን ውስጥ የታጠቁ ሰዎች ሦስት ሕንጻዎች ውስጥ ከመቶ በላይ ሰው አግተው፣ ከጠየቋቸው ነገሮች አንዱ የዐቃድ ፊልም እንዳይታይ ነበር። ፊልሙ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በተዋናይ ያሳያል የሚል ወሬ ተነዝቶ ነበር። ወሬው ውሸት ነበር። በዚያ እገታ ሰው ሞቷል። ዐቃድ ራሱ በኅዳር 2005 ዐማን ከተማ ውስጥ በሆቴሎች ላይ በደረሰ የአጥፍቶ ጠፊዎች ጥቃት ከልጁ ጋር ተገደለ። የእስልምናን ታሪክ ለዓለም ሲነግር የኖረውን ሰው የገደሉት በእስልምና ስም የሚነግዱ ሰዎች ናቸው። ታሪካችንን እኛ ካልነገርነው በኛ ስም ማን እንደሚናገር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

▪ «ዶክተር ሁን» ለሚሉን

ዶክተር ያስፈልገናል። መሐንዲስም ነጋዴም ያስፈልገናል። ነገር ግን አንድ ኡማ ሐኪም ብቻ ሆኖ አይኖርም። የሚያክም እንደሚያስፈልግ ሁሉ የሚናገርለትም ያስፈልገዋል።

ደግሞስ በቤታችን ስንት ሰዓት ነው ቴሌቪዥን የሚከፈተው? የቱርክ ድራማ በአማርኛ ሲተላለፍ ምሳ እየረሳን እናያለን። «ኤርቱግሩል»ን አምስቱንም ሲዝን ሌሊት እያደርን የጨረስን ስንቶች ነን? ያንን ድራማ ያሳየው የቱርክ መንግሥት ጣቢያ የአያቶቹን ታሪክ ለመንገር ገንዘብና ዓመታት አፈሰሰበት፤ እኛም የነሱን አያቶች ስም ከራሳችን አያቶች ስም በላይ አወቅን። የሌላውን ልጅ ሥራ ሌሊት አድሮ ማየት መዝናኛ ነው፤ የራሳችን ልጅ ሲሠራ ግን «ጊዜ ማባከን» ነው። ይህ እንዴት ያለ ፍርድ ነው?

እንጀራ ይሆናል ወይ ለሚለውም ጥያቄ መልስ አለ። ፊልም ማለት ተዋናይ ብቻ አይደለም። ጸሐፊ አለ፣ ካሜራማን አለ፣ የድምፅ ባለሙያ አለ፣ መብራት የሚያስተካክል አለ፣ ኤዲተር አለ። በየከተማችን ሠርግ የሚቀርጹ፣ ማስታወቂያ የሚሠሩ፣ ለድርጅትና ለትምህርት ቤት ቪዲዮ የሚያዘጋጁ ልጆች በዚሁ ሙያ ቤተሰብ እያስተዳደሩ ነው። ቀላል ነው አልልም፤ ብዙዎች ይለፋሉ፣ ጥቂቶች ይሳካላቸዋል። ግን ይህ የማይባልበት ሙያ ዛሬ የቱ ነው? ልጁ ትምህርቱን ይማር፤ ሒሳቡንም ይሥራ፤ ታሪኩንም ይቅረጽ። አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ከዚሁ አገር የወጡትንም እንይ። ኃይሌ ገሪማ ጎንደር ውስጥ ያደገው ቴአትር በሚጽፍ አባት ቤት ነው። «ጤዛ» የተባለው ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2009 ቡርኪና ፋሶ ውስጥ በአፍሪካ ትልቁ የፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት ወስዷል። ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር በ2021 ባወጣችው «ፋያ ዳዪ» የሐረርጌን ጫት ገበሬዎችና ወጣቶች ኑሮ፣ የሕይወት ውኃ ፍለጋ ከሚተርከው የአካባቢው አፈ ታሪክ ጋር አያይዛ በጥቁርና ነጭ ምስል ለዓለም አሳይታለች። አያት ለልጅ ልጅ የሚነግሩት ተረት በዓለም ትልልቅ አዳራሾች ታይቷል ማለት ነው። እኛ ቤት ያለው ተረትስ?

▪ ታዲያ ምን እናድርግ?

ቁጣ ብቻውን ጽሑፍ አይሞላም። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ልጁ ነገ ወደ አንተ ወይም ወደ አንቺ ሲመጣ ይህን አድርጉ።

አንደኛ፣ እስከ መጨረሻው ስሙት። ሲጨርስ «ጎበዝ» ብላችሁ አትሸኙት፤ «ከዚያስ? ለምን እንዲህ አደረገ? እናቱ ምን አለችው?» ብላችሁ ጠይቁት። ተራኪን የሚያሳድገው ጥያቄ ነው። ጭብጨባ ብቻ የለመደ ልጅ ነገ ላይክ ቆጣሪ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ስልኩን ከወሰን ጋር ስጡት። ጁሙዓ ከሰዓት ወይም እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ይበቃዋል። አዛን ሲል ካሜራው ይቀመጣል። ሰው ሳይፈቅድ አይቀረጽም፤ የሚለቀሰውንና የታመመውን አይቀርጽም። የሠራውን ቤተሰብ ይየው፤ በስሙ ቲክቶክ ላይ መለጠፍ ግን ይቆይ። ሙስሐፉ ማለት ይኸው ነው።

ሦስተኛ፣ ትንሽ ሥራ ስጡት። «የአንድ ደቂቃ ታሪክ፣ አምስት ምስል፣ ንግግር የሌለበት» በሉት። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ይጻፈው። ስልኩን አግድም ይያዝ። ፊት የሚቀርጽ ከሆነ ሰውየውን በመስኮት ብርሃን ፊት ያስቀምጥ። እጁ ከተንቀጠቀጠ መጻሕፍት ደርድሮ ስልኩን ያስደግፍ። ድምፅ ለመቅዳት ሁለተኛ ስልክ ከተናጋሪው አጠገብ ያኑር። ለዚህ ሁሉ አንድ ብር አይወጣም።

አራተኛ፣ ታሪክ ሩቅ እንዳይመስለው አድርጉ። ማጂድ ማጂዲ የሚባል ኢራናዊ ዳይሬክተር በ1997 የሠራው «የጀነት ልጆች» ፊልም ታሪኩ አንድ ጥንድ ጫማ ነው። ወንድም የእህቱን ጫማ ይጥላል፤ አባታቸው ድሃ ስለሆነ ለመንገር ይፈራሉ፤ አንዱን የወንዱን ጫማ በፈረቃ እየተቀያየሩ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ይኸው ነው። በዚህ ፊልሙ ለኦስካር ታጭቷል። ፈረቃ፣ የተቀደደ ጫማ፣ አባትን ላለማሳዘን የሚደበቅ ሚስጥር ለኛ ልጆች አዲስ ነው? ለልጁ ዘንዶና ሰይፍ ፍለጋ አትሂድ፣ ደጃፍህን እይ በሉት።

አምስተኛ፣ ይህን ደግሞ አደራ እላለሁ፣ ሽማግሌዎቹ ጋር ላኩት። የሰፈሩን የመጀመሪያ መስጂድ ማን ሠራው? ድንጋዩ ከየት መጣ? ጎረቤት የሆነው ክርስቲያን ምን አዋጣ? ሐጂው በእግር ሐጅ የሄዱ አባታቸውን ታሪክ ያውቃሉ? የወሎ እናቶች መንዙማውን ከማን ተማሩት? እኛ ቀብር ውለን ስንመለስ «ስንት ነገር ያውቁ ነበር» እያልን ከንፈር እንመጣለን፤ በሕይወት ሳሉ ግን ማንም ስልክ አውጥቶ አልጠየቃቸውም። የ12 ዓመቱ ልጅ ይጠይቃቸው። ለሱ ትምህርት ነው፣ ለሳቸው ክብር ነው፣ ለኛ ቅርስ ነው።

ስድስተኛ፣ ለመድረሳና ለጀመዓ አስተባባሪዎች፦ የቁርኣን ውድድር እናዘጋጃለን፣ አልሐምዱሊላህ። በዓመት አንድ ቀን ደግሞ ልጆች ስለ ሰፈራቸው የሠሩትን አጫጭር ፊልሞች የምናይበት ቀን ይኑረን። አንድ ኡስታዝ ይዘቱን ይይ፤ አንድ ባለሙያ ሥራውን ይይ። ሽልማቱ ትንሽ ቢሆንም ችግር የለም። ዋናው ልጁ የሚወደው ነገር በመስጂዱ ግቢ ውስጥ ቦታ እንዳለው ማየቱ ነው።

ወገኖቼ! ልጆቻችን ከካሜራ ጋር መተዋወቃቸው አልቀረም። ከመተኛታቸው በፊት የሚያዩት፣ ሲነሱ የሚያዩት እሱን ነው። በእጃችን ያለው ምርጫ ሌላው የሠራውን ብቻ እየዋጡ እንዲያድጉ መተው ወይም የራሳቸውን እንዲሠሩ መርዳት ነው። ዙበይር «እኔ እሄዳለሁ» ሲል ትልልቆቹ «አንተ ትንሽ ነህ» አላሉትም። አቁማዳውን ነፉለት።

የኛም ልጆች ወንዙ ዳር ቆመዋል። 200 ዶላር ባይኖረን አንድ ስልክ፣ አንድ ሰዓትና አንድ ሙስሐፍ አናጣም።

አላህ ልጆቻችንን እውነት ተናጋሪ፣ ታሪካቸውን አዋቂ፣ ለወገናቸው ጠቃሚ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።